«አባዬ ሐረጎ ላይ መሪ እንደያዘ ተኛ»

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

የምጽፈው ከደሴ ነው። አባዬ 64 ዓመቱ ነው። ፓርኪንሰን ነው ከተባለ አምስት ዓመት ሆነው። ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሲራመድ አንድ እግሩን ይጎትታል። ቢሆንም ኮምቦልቻ ያለችውን የብትን ጨርቅ ሱቁን አልዘጋም። ጠዋት በአሮጌዋ ዲኤክስ መኪናው ይወርዳል፣ ማታ ይመለሳል።

መጀመሪያ የሚወስደው ሌቮዶፓ የሚባለውን ኪኒን ብቻ ነበር። የዛሬ አምስት ወር አዲስ አበባ የሚያየው ሐኪም ፕራሚፔክሶል የሚባል ጨመረለት። እኛ ጋ ፈልገን ስላጣነው ዱባይ ያለው ታላቅ ወንድሜ በሰው እጅ ይልካል። እውነቱን ለመናገር መድኃኒቱ እጁን መለሰለት። የሸሚዙን ቁልፍ ራሱ መቆለፍ የጀመረ ቀን እናቴ «መጀን!» ብላ እልል አለች።

ከዚያ እንቅልፉ መጣ። ቴሌቪዥን እያየ ይተኛል። ሰው እያናገረው ይተኛል። ባለፈው ሳምንት በረካው ላይ ሲኒው ከእጁ አምልጦ ጭኑ ላይ ፈሰሰ። የነቃው ሲያቃጥለው ነው። የሰፈራችን ቅሬ፣ ማለትም የዕድራችን፣ ጸሐፊ ነው፣ ከ20 ዓመት በላይ። በመጨረሻው ስብሰባ ስም እየመዘገበ ተኛ። መዝገቡን በኋላ ቤት አየሁት። ፊደሉ እያነሰ፣ እያነሰ ይሄድና አንድ ስም መሀል ላይ የእስክሪብቶው መስመር እስከ ገጹ ግርጌ ወርዷል። ሰው ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ቅሬ አልሄደም።

ሌሊት ደግሞ ይጮኻል፣ ይራገጣል። አንድ ሌሊት እናቴን በክርኑ ዓይኗ ሥር መታት። ሰው ሲጠይቃት «በር መታኝ» አለች። አሁን ከእኔ ጋር ነው የምትተኛው። አክስቴ «ጅን ነው፣ ዱአ ይደረግ» ትላለች።

ለማንም ያልነገርኩት ግን ይሄኛውን ነው። የዛሬ ሦስት ሳምንት አብሬው ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ፣ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ፣ ስለ ሱቅ ኪራይ እያወራኝ ነገሩን ሳይጨርስ ዝም አለ። ቀና ስል ዓይኑ ተከድኗል። መኪናዋ ወደ ገደሉ እየሄደች ነው። መሪውን ይዤ ጮህኩ። ነቃ። «ምነው፣ ምን ሆንሽ?» አለኝ። «ተኝተህ ነበር እኮ» ስለው «አልተኛሁም!» ብሎ ተቆጣ።

ወንድሜ ስለ እንቅልፉ ስነግረው «በዕድሜው ነው፣ አታካብጂ፤ ትንሽ ጫት ይቃም፣ ይነቃል» ይላል። አጎቴ አዲሱን መድኃኒት ዛሬውኑ ይጣለው ባይ ነው። ጎረቤት የባቄላ እሸት ይብላ ይላል። ለሐኪሙ እንዳልናገር፣ ኪኒኑን ቢነጥቀው እጁ ተመልሶ ሊያስቸግረው ነው። የመኪናውን ቁልፍ ልደብቅበት? ብደብቅስ አባቴን መክዳት አይሆንብኝም?

የጨነቃት ልጅ፣ ከሳላይሽ፣ ደሴ

*

የኔ እህት፣ ከሐረጎው ልጀምር። ሌላው ነገር ጊዜ ይሰጠናል። እሱ አይሰጠንም።

ያን መንገድ አውቀዋለሁ። ከደሴ ኮምቦልቻ ቢበዛ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቁልቁለቱ ግን ነፍስ ይዞ ነው የሚወርደው። ጉም ሲለብስማ ከፊትሽ ያለውን ሲኖትራክ የምታውቂው በኋላ መብራቱ ነው። እዚያ ላይ መሪ ይዘሽ፣ አባትሽን ቀስቅሰሽ፣ ተቆጥተውሽ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ይህን ብቻሽን ተሸክመሽ ከርመሻል። እናትሽ አጠገብሽ ተኝተው እያለ እንኳ። አንቺስ ሌሊት እንቅልፍ አለሽ?

አባትሽ «አልተኛሁም» ሲሉ የዋሹሽ አይምሰልሽ። እንዲህ ያለ እንቅልፍ የሚጥላቸው ብዙዎች በእርግጥ አይታወቃቸውም። እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ ያሉ ሐኪሞች የስምንት የፓርኪንሰን ታማሚዎችን ታሪክ ጽፈው አሳትመው ነበር። ስምንቱም መኪና እየነዱ ተኝተው አደጋ ደርሶባቸዋል። ይወስዱ የነበረው ያኔ አዲስ የነበሩትን ፕራሚፔክሶልን ወይም የእሱን ዘመድ ሮፒኒሮልን ነው። ከስምንቱ አምስቱ እንቅልፍ ሊጥላቸው መሆኑ ጭራሽ አልተሰማቸውም። ማዛጋት የለ፣ ዓይን መክበድ የለ። አየሽ፣ «ሲደክመኝ ዳር ይዤ አቆማለሁ» የሚለው የሾፌር ደንብ እዚህ አይሠራም። ዳር ለመያዝ መጀመሪያ እንቅልፉ «መጣሁ» ማለት አለበት።

ስለዚህ መኪናው ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። ሐኪሙ እስኪያያቸውና መድኃኒቱ እስኪስተካከል ድረስ። ሌላውን ሁሉ እንመካከራለን፣ ይሄን ግን አንመካከርም። እንዴት ይቁም የሚለው ላይ እመለስበታለሁ፤ እሱ ነው ከባዱ።

በነገራችን ላይ ያ የ1999 ጽሑፍ አንድ ደስ የሚል ነገርም አለው። መድኃኒቶቹ ሲቆሙ ድንገተኛው እንቅልፍም ቆሟል። ማለቴ፣ መፍትሔ የሌለው ነገር አይደለም የያዛችሁት።

«በዕድሜው ነው» ለሚለው ወንድምሽ አንድ ጥያቄ አለኝ። ዕድሜ በአምስት ወር ነው እንዴ የሚመጣው? መድኃኒቱ የተጨመረበትና እንቅልፉ የመጣበት ጊዜ አንድ መሆኑን አንቺ አይተሻል። ዱባይ ሆኖ ይህን ማየት ይከብዳል፤ ስለዚህ ብዙም አልፈርድበትም።

ፓርኪንሰን የእጅ በሽታ ይመስለናል፣ የሚታየን መንቀጥቀጡ ስለሆነ። ሥሩ ግን አንጎል ውስጥ ነው። ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚሠሩት ሕዋሶች እያለቁ ይሄዳሉ። ሰው ቀን ቀን ነቅቶ እንዲውል የሚያደርጉት ሕዋሶችም አብረው ይጎዳሉ። ስለዚህ ያለ መድኃኒትም ቢሆን ብዙ ታማሚ ቀን ያንጎላጃል። መድኃኒቱ ደግሞ ይጨምርበታል። ሌቮዶፓም ሊያስተኛ ይችላል፣ ፕራሚፔክሶልና ዘመዶቹ ግን በዚህ ይብሳሉ። ሌሊቱ በጩኸትና በመራገጥ ካለፈ ደግሞ ያልተተኛው እንቅልፍ ቀን ላይ ዕዳውን ይጠይቃል። ሦስቱ ሲደራረቡ ነው ሲኒው ከእጅ የሚያመልጠው። ስንፍና አይደለም፣ ለሰው ንቀትም አይደለም። የሳቁት የቅሬ ሰዎች ይህን ቢያውቁ የሚስቁ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ፍርሃትሽ ልምጣ። ለሐኪሙ ከተናገርኩ ኪኒኑን ይነጥቀዋል ብለሻል። ይገባኛል። ዓመታት ሙሉ ሰው ሲቆልፍለት የኖረ ሰው ሸሚዙን ራሱ ሲቆልፍ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ግን የሐኪሙ ምርጫ መስጠትና መንጠቅ ብቻ አይደለም። መጠኑን ዝቅ ማድረግ ይችላል። የሚወሰድበትን ሰዓት ማዘዋወር ይችላል። ከፕራሚፔክሶሉ ቀንሶ ሌቮዶፓውን በማስተካከል እጃቸውን ሊጠብቅላቸው ይችላል። ሌላ የሚያስተኛ መድኃኒት ካለ ያን ያወጣዋል። ይህ ሁሉ ተሞክሮ እንቢ ካለ፣ እንደ ሞዳፊኒል ያለ የሚያነቃ መድኃኒት የሚታዘዝበት ጊዜም አለ። ይህን ሁሉ የሚያስበው ግን እንቅልፉን ካወቀ ነው። አሁን ሐኪሙ የያዘው «እጁ ተሻለው» የሚለውን ግማሽ ወሬ ነው። ግማሽ ወሬ ይዞ ሙሉ ሕክምና ከየት ያምጣ?

አጎትሽ ያሉትን ግን እባክሽ እንዳታደርጊው። የፓርኪንሰን መድኃኒት በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ ሰውነት ድርቅ ሊል፣ ኃይለኛ ትኩሳት ሊነሳ፣ ሰውየው ሊቀባዥር ይችላል። ሆስፒታል የሚያስገባ ነገር ነው። ፕራሚፔክሶልን ድንገት የተዉ ሰዎች ከባድ ጭንቀትና ድብርት ሊይዛቸው ይችላል። የሚቀነሰው ቀስ በቀስ ነው፣ ሐኪሙ ባለው ልክ። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላስታውስሽ፤ መድኃኒቱ በሰው እጅ የሚመጣ ከሆነ የሚያልቅበትን ቀን ቁጠሪ። የሚያመጣው ሰው ጉዞው ለሁለት ሳምንት ቢዘገይ፣ ሳታስቡት «ዛሬውኑ ጣለው» የተባለውን አደረጋችሁ ማለት ነው። ለወንድምሽ ሥራ ከፈለግሽለት ይሄውልሽ፤ ስለ ጫት ከመምከር ሁልጊዜ የአንድ ወር ትርፍ ኪኒን ቤት መኖሩን ይቆጣጠር።

ስለ መቁጠር ካነሳን፣ በቀን የታዘዘላቸውንና ብልቃጡ ውስጥ የቀረውን አስተያይተሽ ታውቂያለሽ? እጃቸው ሲፈታ ደስ ብሏቸው አንድ እየጨመሩ እንዳይሆን። የሚያጋጥም ነገር ነው። ሌላም ለመጠየቅ የሚከብድ ጥያቄ አለኝ። ከአዲሱ መድኃኒት ወዲህ የገንዘብ አያያዛቸው ተለውጧል? ውርርድ ቤት ማዘውተር፣ ሎተሪ ማብዛት፣ የማያስፈልግ ዕቃ መሸመት የመሰለ? ይህ መድኃኒት አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ልክ ያጣ ፍላጎት ያመጣል። ዕድሜውን ሙሉ ሳንቲም ሲቆጥር የኖረ ነጋዴ ድንገት ቁማርተኛ ይሆናል። ከሌለ እሰየው። ካለም የመድኃኒቱ ሥራ ነውና ለሐኪሙ ይነገራል።

እናትሽ «በር መታኝ» ማለታቸው ልቤን ነካው። ባልን ላለማሳጣት የተፈጠረ በር። እባክሽ ዛሬ ማታ አጠገባቸው ስትተኚ ይህን ንገሪያቸው፦ የመቷቸው ባላቸው አይደሉም፣ ሕልማቸው ነው። ጤነኛ ሰው ሕልም ሲያይ አንጎሉ አካሉን እንዳይንቀሳቀስ ይቆልፈዋል። በፓርኪንሰን ያ ቁልፍ ይላላል። በሕልሙ ከጅብ የሚታገል ሰው አልጋው ላይም ይታገላል። እንዲያውም ይህ ነገር አንዳንዴ እጅ መንቀጥቀጥ ከመጀመሩ ከብዙ ዓመት በፊት ይጀምራል። እናትሽን ጠይቂያቸው፣ «ድሮም ይራገጥ ነበር» ቢሉሽ አይግረምሽ። ለዚህም ሕክምና አለው። እስከዚያው ካልጋው አጠገብ ያለውን ሳጥን፣ ብርጭቆ፣ ስለት ያለው ነገር ሁሉ አርቁ። አልጋው ከፍ ያለ ከሆነ ፍራሹ መሬት ይውረድ። እናትሽ ከእሳቸው ተለይተው መተኛታቸው ልክ ነው፣ አይፈሩ፣ አይፈረድባቸውም። አክስትሽ ያሉት ዱአም ይደረግ፣ ማን ይከለክላል። ሐኪሙ ብቻ ሳይሰማ እንዳይቀር።

ከዚሁ ጋር ሌሊቱን ትንሽ አዳምጪ። ለሽንት ስንት ጊዜ ይነሳሉ? መገላበጥ እያቃታቸው ይነቃሉ? ሲያንኮራፉ ትንፋሻቸው ለጥቂት ሰከንድ ጸጥ ብሎ እንደገና በጉልበት ይመለሳል? ይህ የመጨረሻው ራሱን የቻለ የእንቅልፍ ሕመም ነው። ሰው ስምንት ሰዓት ተኝቶ ያልተኛ ሆኖ የሚነሳበት።

ሌላው ደግሞ ቀን የምታዩባቸው ሁሉ እንቅልፍ ላይሆን ይችላል። ፓርኪንሰንም መድኃኒቶቹም የደም ግፊትን ያወርዳሉ፣ በተለይ ብድግ ሲሉና ምሳ ከበሉ በኋላ። ሰውየው ዓይኑ ይፈዝዛል፣ ድንዝዝ ይላል፣ እኛ ተኛ እንላለን። ቅርባችሁ ባለ ክሊኒክ ግፊታቸው ተጋድመው ይለካ፣ ከዚያ ቆመው ከአንድ ደቂቃና ከሦስት ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካ። ላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ቁጥሩን ጻፊውና ለሐኪሙ ውሰጂው። ኮመዲኖው ውስጥ ያለውን ኪኒን ሁሉም ሰብስቢ። የአለርጂ፣ የጉንፋን፣ የእንቅልፍ፣ የነርቭ ሕመም ማስታገሻ እየተባለ የተገዛ ብዙ ነገር ያስተኛል። ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ፕላሲል ካለ ደግሞ ለይተሽ አሳዪ፤ ፓርኪንሰንን ራሱን ያብሳል።

ጫቱን ልመልስ። ወሎ ተወልዶ ስለ ጫት ክፉ መናገር እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ለወዳጃ ጸሎቱም ለዱአውም ጀባ ሲባል የኖረ ነገር ነው። ግን ለዚህ በሽታ መድኃኒት አይሆንም። ጫት ያነቃል፣ እውነት ነው። የሚያነቃው ግን ልብ እያስመታ፣ ግፊት እያወጣ፣ የሌሊቱን እንቅልፍ እየበላ ነው። ሌሊቱ ሲበላ ነገ ቀን ይብሳል። ከአንዳንድ የፓርኪንሰን መድኃኒት ጋር ሲገናኝ ደግሞ አደገኛ ሊሆን ይችላል። አባትሽ ቀድሞም ይቅሙ ከነበረ ለሐኪሙ አትደብቁት። ሐኪም ፊት ጫት መደበቅ ልማዳችን ነው፣ አውቃለሁ።

የባቄላው ነገር ግን አላሳቀኝም። ጎረቤትሽ ያላወቁት እውነት አለው። ባቄላ፣ በተለይ እሸቱ፣ በውስጡ ሌቮዶፓ አለው፣ ያው አባትሽ በኪኒን የሚወስዱት። ችግሩ አንድ እፍኝ እሸት ውስጥ ስንት እንዳለ ማንም አይለካልሽም። ከኪኒኑ ጋር ሲደመር መጠኑ ይዛባል። እንደ ምግብ ከቀመሱ ይቅመሱ፣ እንደ መድኃኒት ግን አትቁጠሩት። የሌቮዶፓው ኪኒንም ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ቢወሰድ ይሻላል። ሥጋውም ሽሮውም ምስሩም መንገድ ላይ ይሻሙታል።

ቡና? ጠዋት አቦል ይጠጡ፣ ደስ ይበላቸው። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ግን ሲኒው ይለፋቸው። ከምሳ በኋላ ሆን ብለው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጋደም ይበሉ፣ የሚቀሰቅስ ሰዓት ሞልተሽ። ከዚያ በላይ ከሆነ የሌሊቱን ይሰርቃል። ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ እስከ መስጊዱም ይሁን እስከ አደባባዩ በእግር ወጣ ይበሉ። የደሴ ብርድ ቤት ውስጥ ተጠቅልሎ መዋልን ይጋብዛል፤ ጨለማ ክፍልና ጋቢ ላይ ደግሞ ጤነኛም ይተኛል። ረመዳን ሲመጣ የኪኒኑ ሰዓት ነገር ብቻውን አንድ ጉዳይ ነው። ሳትቀድሙ ሐኪሙን ጠይቁ። ሃይማኖቱ ለታማሚ የሰጠውን ፈቃድ ደግሞ ከእኔ ይልቅ የመስጊዳችሁ ሼህ ይንገሯቸው።

እንግዲህ ቁልፉ።

አትደብቂው። የምለው ለመርህ ብዬ አይደለም፣ ከልምዴ ነው። እኛም ቤት አንድ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ነበሩ። ተማክረን ቁልፋቸውን ሰወርን። ሁለት ቀን ዝም አሉ። በሦስተኛው ቀን መኪናው ግቢ ውስጥ የለም። ሁለተኛ ቁልፍ ለካ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ነበር። ማታ ሲመለሱ ለማንኛችንም ሰላምታ አልሰጡም። የቁልፉ ነገር ተረሳ፣ መደበቃችን ግን ሳይረሳ አለፉ። መክዳት የምትይው ይህን ነው። ፊት ለፊት መናገር ክህደት አይደለም።

ማን ይንገራቸው የሚለውን አስቢ። ያየሽው አንቺ ነሽና መጀመሩ ያንቺ ነው። ብቻሽን ግን አትሁኚ። መጀመሪያ እናትሽ ይወቁ፣ ዛሬ ማታ። ከዚያ አባትሽ ቃሉን የሚሰሙት አንድ እኩያቸው ማን ነው? የቅሬው ዳኛ? የሱቅ ጎረቤት? አንድ ሰው ብቻ ጥሪ፣ ሸንጎ አታድርጊው። ሰዓቱንም ምረጪ። መድኃኒታቸው ይዟቸው እጃቸው ጸጥ ባለበት፣ ዓይናቸው በነቃበት ጠዋት ላይ። ሰው ፊት፣ ቡና ላይ፣ ካንጎላጁ በኋላ አይሆንም።

ምን ትያለሽ? በራስሽ አፍ ብትይው ይሻላል፣ ግን እንዲህ የመሰለ ነገር፦ «አባዬ፣ የዚያን ቀን ሐረጎ ላይ ፈራሁ። አንተ አላወቅከውም፣ ጥፋትህም አይደለም፣ ኪኒኑ ነው። ሐኪሙ እስኪያስተካክለው እኔ ልውረድልህ ወይም በሚኒባስ እንሂድ።» «ከእንግዲህ አትነዳም» አትበይ። «እስኪስተካከል» በይ። እውነቱም እሱ ነው። ከዚያ ዝም ብለሽ አዳምጪ። ምናልባት የሚያስፈራቸው መኪናው ላይሆን ይችላል። ሱቁን፣ ቀጥሎ ቅሬውን፣ ቀጥሎ ወንበራቸውን ማጣት ይሆናል። በሦስት ሳምንት ውስጥ አንዴም «አንተስ ምን ያስፈራሃል?» ብለሽ ጠይቀሻቸዋል? እንቢ ካሉ ደግሞ ሐኪሙ ራሱ ይናገር። ከልጅ አፍ የማይዋጥ ነገር ከሐኪም አፍ ይዋጣል። እስከዚያው ግን ማንም አብሯቸው አይሳፈር። አንቺም ጭምር። «ካንተ ጋር አልሄድም» ማለት ራሱ ንግግር ነው።

ሱቁ እንዲቀጥል አስቡበት። ጠዋት ትንሽ ዘግይተው በሚኒባስ ቢወርዱ፣ ከሰዓት አንድ ሠራተኛ ቢይዝላቸው፣ ያቺ ከምሳ በኋላ የምትሆን 20 ደቂቃ እዚያው ከጨርቁ ጥቅል ጀርባ ብትሆን። መቀስ ሲይዙ ደግሞ ሰው አጠገባቸው ይኑር። ሱቅ ከገቡ እኮ ገና ብዙ ይሠራሉ።

የሐኪሙን ቀጠሮ አትጠብቁ። ቁጥሩ ካላችሁ ነገ ደውሉና «እየነዱ ተኙ» የሚለውን ቃል እንዳለ ተናገሩ። ወረፋ የሚያሳጥር ቃል ነው። መስመሩ ካልተገኘ ደሴ ሪፈራል ሄዳችሁ የውስጥ ደዌ ሐኪም እንዲያያቸውና ከአዲስ አበባው ጋር እንዲነጋገር ጠይቁ። ኪኒኖቹን በሙሉ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ።

ደብተርም ይዛችሁ። እዚህ ላይ አባትሽን ሥራ ስጫቸው። 20 ዓመት የሰፈሩን ሰው ሁሉ መገኘትና መቅረት የመዘገበ ሰው የራሱን አንድ ሳምንት መመዝገብ አያቅተውም። ኪኒን የወሰዱበት ሰዓት፣ የበሉበት፣ ያንጎላጁበት፣ ሌሊት የተነሡበት። ያልታወቃቸውን አንቺ ከጎን ትሞያለሽ፣ ሳትከራከሪ። ኤፕወርዝ የሚባል መጠይቅም አለ፣ አውስትራሊያዊው ሐኪም መሬይ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው። ስምንት ሁኔታ ይጠይቃል፦ ቁጭ ብሎ ሲያነብ፣ ቴሌቪዥን ሲያይ፣ ስብሰባ ላይ፣ ሰው እያናገረው፣ እንዲህ እያለ። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ትሰጫለሽ። ድምሩ ከ10 ካለፈ ሐኪም ሊሰማው የሚገባ እንቅልፍ ነው። አባትሽ «ሰው እያናገረው» የሚለው ላይ ብቻ ስንት እንደሚያገኙ ገምቻለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። የቅሬውን መዝገብ አንድ ቀን ተዋሺው፣ ወይም ያን ገጽ በስልክሽ አንሺው። አታሳፍሪበት፣ እሳቸውንም አስፈቅጂ። እያነሰ የሄደው ፊደል የበሽታው ነው። ወደ ታች የወረደችው መስመር የእንቅልፉ ናት። ሐኪሙ አንድ ሰዓት ቢጠይቃችሁ የማያገኘው ነገር እዚያ ገጽ ላይ አለ፣ በአባትሽ በራሳቸው እጅ የተጻፈ።